ማሳሰቢያ፦ የቆላው ሙቀት ቀኑ ሳይሞላ ለተወለደ ሕፃን አይበቃውም

ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው በቆቦ ከተማ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በሆርማትና በጎሊና ወንዝ ዳር፣ በዞብል ተራራ ግርጌ ላላችሁ ቤተሰቦች ነው። በተለይም ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ልጃችሁ ወልድያ ወይም ደሴ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቶ ከርሞ "ነገ ትወጣላችሁ" የተባላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ዕቃችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት አንብቡት። ቤት ውስጥ ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ስለ አራስና ስለ ሕፃን ግማሹን የሚወስኑት እሳቸው ናቸውና።

የመውጫ ወረቀት ሲጻፍ ቤተሰቡ "ዳነልን" ብሎ እልል ይላል፤ ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ወረቀት የልጁን ጥበቃ ለእናንተ ማስረከቢያ ነው። እስከ ትናንት ማሞቂያ ያሞቀው ነበር፤ ነርሶቹ ወተቱን በየሰዓቱ ለክተው ይሰጡት፣ ትንፋሹን ይቆጥሩ፣ ክብደቱን ይመዝኑ ነበር። ከነገ ጀምሮ ይህን ተካፍሎ የሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ ካልተዘጋጀ፣ ልጁ ለመውጣት ደርሷል፣ ቤቱ ግን ገና አልደረሰም።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተን ሙቀቱ ነው። ደጋ ያለችን እናት "ልጅሽ ይበርደዋል" ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። ቆቦ ላይ ግን "በዚህ ሐሩር ልጅ ምን ይበርደዋል?" ይባላል። ስለዚህ ሕፃኑ እርቃኑን አልጋ ላይ ይጋደማል፣ ጠዋት ታጥቦ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነፋስ ይመታዋል። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሙቀት የሚይዝለትን ስብ ከቆዳው ሥር ገና አላጠራቀመም። ቆዳው ስስ ነው፤ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅም አይችልም። 1500 ግራም የሚመዝን ሕፃን ልብስ ሳይለብስ ሙቀቱን ያለ ችግር እንዲጠብቅ ከተፈለገ በዙሪያው ያለው አየር እስከ 33 እና 34 ዲግሪ መሞቅ አለበት። እኛን የሚያልበን 30 ዲግሪ ለእሱ ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት፣ ከዝናብ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ደግሞ የራያ ሜዳ ራሱ ይበርዳል።

በብብቱ ሲለካ የሕፃኑ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ሰውነቱ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ለመሞቅ ይጨርሳታል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይቀንሳል፣ መጥባት ይሰንፋል፣ ስላልጠባም የባሰ ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ለቅሶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ዝም ብሎ ሲውል ጠያቂው "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም" ይላል። ዝምታው ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም። ርቦት ወይም በርዶት ለማልቀስ አቅም ያጣ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ መለስተኛ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው ከተኙ 3852 ሕፃናት 1109 ያህሉ እንደሞቱ መዝግቧል። ከሞቱት 45 በመቶውን የገደለው የሳንባ አለመጎልመስ ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው፤ 30 በመቶውን ደግሞ ኢንፌክሽን። የመጀመሪያውን ውጊያ ልጃችሁ በአብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ተዋግቶ አልፎታል። ሁለተኛው ግን ቤት ድረስ ይከተለዋል። በእጅ፣ በቆሸሸ ጡጦ፣ በሚስም ከንፈር ይገባል፤ የበረደውንና ያልጠገበውን ሕፃን ደግሞ ቶሎ ያሸንፈዋል።

መከላከያው ውድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች ትንንሾቹን ሕፃናት በእናቶቻቸው ጡት መካከል ገላ ለገላ እያሰሩ ማሳደግ ጀመሩ። በአገራችንም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ፈትነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ2000 ግራም በታች የነበሩ ሕፃናትን አነጻጽረዋል። በተለመደው አያያዝ ከቆዩት 38 በመቶው ሲሞቱ፣ በእናት ደረት ላይ ከታሰሩት የሞቱት 22.5 በመቶው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ቀናቸው ሳይሞላ ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ሁሉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲህ እንዲያዙ ይመክራል። በሆስፒታል "ካንጋሮ" ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው።

አስተሳሰሩን ከነርሷ ፊት አድርጋችሁ ሳታሳዩ አትውጡ። ሕፃኑ ከሽንት ጨርቅ፣ ከኮፍያና ከእግር ሹራብ በቀር ምንም አይለብስም። እናቱም ደረቷን ትገልጣለች። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ፣ ደረቱ ከደረቷ፣ ሆዱ ከሆዷ በላይ ገጥሞ በጡቶቿ መካከል ይቀመጣል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈው ወደ ጎን ይከፈታሉ። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ አገጩም ጥቂት ቀና ይላል። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ የአየር መንገዱ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ፊቱ ሁልጊዜ ለእናቱ ዓይን መታየት አለበት። ከዚያ ንጹሕ ነጠላ ወይም ሰፋ ያለ መቀነት ከጀርባዋ ዞሮ የላይኛው ጠርዝ ከሕፃኑ ጆሮ ሥር እንዲውል ሆኖ ይታሰራል፤ ስትነሳ እንዳይንሸራተት ጠበቅ፣ ሆዱ ለመተንፈስ እንዳይቸገር ላላ ይላል። እናቲቱ ስትተኛ ትራስ ተደግፋ ጋደም ትላለች እንጂ ተዘርግታ አትተኛም። እሷ ስትደክም ወይም ስትታጠብ አባት ይታጠቀው፤ አያትም ትችላለች። ልጅ በደረቱ መታጠቅ ለራያ ወንድ ነውር አይደለም። አንድ አባት ሌሊት ለሁለት ሰዓት ቢይዘው እናቱ እንቅልፍ ታገኛለች፤ እንቅልፍ ያገኘች እናት ደግሞ ወተቷ አይደርቅም።

በቆላ ሌላ አደጋም አለ። አንዳንድ ቤት ከብርድ ፍርሃት የተነሣ ሕፃኑን በጋቢና በብርድ ልብስ ደራርበው በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ያፍኑታል፤ ያም ይጎዳዋል። ደረት ላይ ላለ ልጅ በላዩ አንድ ስስ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሆዱንና እግሩን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርድ እየጀመረው ነው፤ ሁለቱም ካቃጠሉ በዝቶበታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመውጣታችሁ በፊት ከፋርማሲ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አነባበቡን መማር ነው። ከ37.5 በላይ ካሳየ ልብሱን አቅልሉ፣ ጡት ስጡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። ካልወረደ፣ ወይም መጥባት ካቆመ ወዲያውኑ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የሚነድ ሰውነት የሙቀት ሳይሆን የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ውሃ ግን አትስጡት። በቆቦ ቀትር እንኳ ለሕፃን ውሃ የሚሆነው የእናቱ ወተት ነው።

ሳትዘጋጁ አትውጡ ስል፣ የባሰውንም ማለቴ ነው፦ "ይበቃናል" ብሎ ፈርሞ መውጣትን። ምክንያቱ ይገባኛል። ቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ማሽላው ታጭዶ አልገባም፣ አስታማሚው ለምግብ የያዘው ብር አልቋል፣ የሚያድረውም ኮሪደር ላይ ነው። ሆኖም ልጁ ክብደት መጨመር ሳይጀምር፣ ሙቀቱን ያለ ማሽን መያዝ ሳይችል፣ በራሱ ሳይጠባ ወይም በሲኒ ሳይጠጣ ከወጣ የምትመለሱት ልጁ ይበልጥ ታሞ ነው፤ ያኔ ወጪውም ሐዘኑም ይበዛል። ስለ ገንዘብ ከቸገራችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ፣ የጤና መድን ደብተራችሁንም ይዛችሁ ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን እናት ነርስ ሳትረዳት ቀንና ሌሊቱን ብቻዋን ትሞክረው። ከተሳካላት ትውጣ።

በዚያው ዕለት መጠየቅ ያለባችሁን ጠይቁ። የብረትና የቫይታሚን ጠብታ ከታዘዘ ስንት ጠብታ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ተነግሯችሁ ብቻ ሳይሆን በእጃችሁ ለክታችሁ አሳዩ። ልጁ በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ፣ በተለይም ኦክስጅን ላይ የቆየ ከሆነ "ዓይኑ መቼና የት ይታይ?" በሉ። ያለ ቀናቸው በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ተበላሽተው ዕውርነት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ይህ የሚደረስበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በባለሙያ ሲታይ ብቻ ነው። ከውጭ ዓይኑ ጤነኛ ይመስላል። ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ወላጅ ጥቂት ነው።

ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ደግሞ መንገዱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። ሕፃኑን አጥብታችሁ ውጡ፤ በእናቱ ደረት ታስሮ ይሂድ እንጂ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእቅፍ አይሂድ። ተሳፋሪው ሙቀት ጸንቶበት መስኮት ቢከፍት አጠገባችሁ ያለው እንዲዘጋ ለምኑ፤ የሚቆጣችሁ የለም። በየጊዜው ነጠላውን ገለጥ አድርጋችሁ ፊቱንና ትንፋሹን ተመልከቱ። ከቆቦ ወደ ቀበሌ ገብታችሁ በባጃጅ የምትሄዱም ከሆነ ነፋሱን በጀርባችሁ መልሱ።

ስለ መንገድ አንድ ከባድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ይህ አካባቢ ያየውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጦርነቱ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ከዚያም በኋላ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። "ከታመመ በሁለት ሰዓት ወልድያ እናደርሰዋለን" ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም የቆቦ ሆስፒታል ልጃችሁን እንዲያውቀው አድርጉ። የመውጫ ወረቀቱን ቅጂ አሳዩ። ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልጁ የሚገባበትን ቀን አስቀድማችሁ በስልክ ንገሯት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቤታችሁ መጥታ ታየው። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ በአባትም፣ በጎረቤትም ስልክ ላይ መዝግቡ።

ቤቱስ? ልጁ የሚተኛበት ክፍል ምድጃ የሚነድበት መሆን የለበትም። የኩበትና የእንጨት ጭስ ለጎለመሰ ሳንባም ይከብዳል፤ ለዚህ ልጅ ሳንባ ደግሞ መርዝ ነው። አራሷ ወይባ የምትሞቅ ከሆነ ልጁ ሌላ ቤት፣ በሌላ ሰው ደረት ይቆይ። ዕጣኑም፣ የቡናው ጢስም ለጥቂት ሳምንታት ከደጅ ይሁን። ማታ እናትና ልጅ በአጎበር ውስጥ ይተኙ፤ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ጊዜ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ የሚመጣውን ዘመድ መመለስ ለወሎ ሰው ይከብዳል። አትመልሱት። እናቲቱን ይጠይቅ፣ ገንፎውን ይብላ፣ ዱዓውን ያድርግ፣ ይመርቅ፤ ልጁን ግን አይንካ፣ አይሳም። ያሳለው፣ ጉንፋን የያዘው ከበር ይመለስ። አያቶቻችን ሕፃንን "ዓይን ያርፍበታል" እያሉ ከሰው ይጋርዱት ነበር። ምክንያቱን እንዴትም አድርጋችሁ ተረዱት፣ መጋረዱ ግን ለዚህ ልጅ መድኃኒት ነው፤ እማማ ይህን ሥራ ይያዙት። በር ላይ ሳሙናና ውሃ አስቀምጡ፤ ልጁን የሚይዝ ሁሉ፣ አባትም ከእርሻ ሲገባ፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብ።

እናንተን እማማ፣ በአክብሮት የምለምናችሁ ሌላም አለ። ቅቤ አታልሱት። ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የሳንባ ምች ይሆንበታል። የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ጤና አዳም አትስጡት። እንጥሉ አይቆረጥ፣ ግጉም አይውጣ። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ እበት አይደረግ፤ ከጤና ተቋም የተሰጠ ቅባት ካለ እሱ ብቻ ይደረግ። በየቀኑ አይታጠብ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ በለብ ያለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ክፍል በክፍል ተጠርጎ ወዲያው ይደርቅ፣ ወደ ደረትም ይመለስ። ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ሲደርስ ልጁ ገና የሙሉ ቀን ልጅን ክብደት ላይዝ ይችላል። ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ሁኔታውን ንገሯቸው፤ ደረቅ ፎጣ፣ ኮፍያና የእናቱ ደረት ከመጠመቂያው አጠገብ ተዘጋጅተው ይቆዩት። በሰባተኛው ቀን ስም የምታወጡም፣ ድግሱን ካልተዋችሁ ልጁ ከድግሱ ርቆ ይዋል።

አመጋገቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ ልጅ ሲርበው አልቅሶ አይጠራችሁም፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እናንተ ትቀሰቅሱታላችሁ። ጡት ለመሳብ አቅም ካነሰው እናቱ እጇን ታጥባ ወተቷን በፈላ ውሃ በተቀቀለ ሲኒ ታልባለች። ሕፃኑን ቀና አድርጋ አቅፋ የሲኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ታዘነብላለች፤ እሱ በምላሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ አይፍሰስ፤ ትን ይለዋል። ይህ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ ይውሰድ። ጡጦ አትግዙ፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ጡጦን ንጹሕ አድርጎ መያዝ የሚቻል አይመስለኝም። የታለበ ወተትም በእኛ ቀትር ቶሎ ይበላሻል፤ ሲታለብ ወዲያው ይሰጥ። እናቲቱ ትብላ፣ ትጠጣ። አራስና የምታጠባ እናት ጾም እንድትተው ሃይማኖቷም፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ ይፈቅድላታል።

ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፤ "ትንሽ ነው፣ ይደግ" ብላችሁ አታዘግዩት። መቀመጡንና መዳሁን ግን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩ፤ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ሁለት ወር ዘግይቶ ቢቀመጥ አልዘገየም።

አሁን ሳትጠብቁ የምትነሡበትን ልንገራችሁ። ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ከቀድሞው በግልጽ ካነሰ፤ ሲነኩት ካልሆነ ካልተንቀሳቀሰ፤ ካንቀጠቀጠው፤ ደረት ላይ ታስሮም ሙቀቱ ካልተመለሰ ወይም ካቃጠለ፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፤ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ። ትንፋሹን ለመቁጠር ሲረጋጋ ሆዱን ገልጣችሁ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ፣ ያው ከሆነ ሂዱ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ መቁጠርም አያስፈልግም። ትንፋሹ ቆም ብሎ ከንፈሩ ከጠቆረ እግሩን ወይም ጀርባውን በጣታችሁ አሹት፤ ቢመለስም እንኳ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። "ሚች መትቶት ነው፣ እስኪነጋ እንየው" አይባልም። አምቡላንስ እስኪመጣም ሆነ በተገኘው መኪና ስትሄዱ ልጁ በደረት ላይ ታስሮ፣ ኮፍያው ተደርጎለት ይሁን፤ መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ የእናቱን ወተት አቅምሱት። የመውጫ ወረቀቱንና የጠብታውን ጠርሙስ አባት በኪሱ ይያዝ፤ ተረኛው ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ በስንት ሳምንት፣ በስንት ግራም እንደተወለደና ምን እንደወሰደ ነው።